ከግራናይት ስር የሚገጠም ስቴንለስ ሲንክ ወይስ ከላይ የሚቀመጥ? ለሰሜን ሸዋ ወጥ ቤቶች የምርጫ መመሪያ

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ የእናቴ ሲንክ ወደቀ።

ቤቱ ደብረ ብርሃን ነው፤ አዲስ የተሠራ። ግራናይቱ ጥቁር፣ ሲንኩ ከግራናይቱ ስር የተገጠመ ስቴንለስ። እናቴ የዶሮውን ብልት በሎሚና በጨው ልታጥብ ውሃ ሞልታበታለች። ጠዋት እቃ ሳጥብ የፊተኛው ጠርዝ ከድንጋዩ ትንሽ ለቀቅ ማለቱን አይቼ ነበር፤ የስሙኒ ውፍረት ቢሆን ነው። ነገ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማታ ላይ ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። ሲንኩ ከነውሃው፣ ከነዶሮው ካቢኔቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሲፎኑ፣ ማለትም ከስሩ ያለው የታጠፈ የፍሳሽ ቧንቧ፣ ተሰብሯል። እናቴ እጇን ያወጣችው ልክ ያኔ ነበርና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተጎዳችም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ባትሪ ይዤ ከስር ገባሁ። ሲንኩን ይዞት የነበረው ሲሊኮን ብቻ ነው። አንድም መያዣ ብረት የለም። የተላቀቀውን ሲሊኮን በጣቴ ሳሸው ግራጫ ዱቄት ወጣ። ግራናይቱ ሲቆረጥ የተረፈ አቧራ ነው። ገጣሚው አቧራውን ሳይጠርግ ሲሊኮኑን ቀብቶበታል። ስለዚህ ሲሊኮኑ የተጣበቀው ከአቧራው ጋር እንጂ ከድንጋዩ ጋር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ ሲንክ ሊገዛ ሲል ይደውልልኛል። ሸዋ ሮቢት ካለች የአክስቴ ልጅ እስከ መሐል ሜዳ ካሉ የአባቴ ወገኖች ድረስ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ መልኩ ነው፦ አንድ ጎድጓዳ ወይስ ሁለት? የሚያብረቀርቅ ወይስ ደብዘዝ ያለ? እኔ ደግሞ መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ምን ላይ ነው የሚያርፈው? መልሱ ሳይታወቅ ሱቅ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምርጫው በምን በምን መካከል ነው?

አንደኛው ከላይ የሚቀመጥ ሲንክ ነው። የኪችኑ ቶፕ ላይ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ ሲንኩ ከላይ ይገባና ጠርዙ ቶፑ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ከስር የሚገጠመው ነው፤ ሱቅ ውስጥ አንደርማውንት ይሉታል። ጠርዙ ከድንጋዩ ስር ይጣበቃል፤ ከላይ የሚታየው የድንጋዩ ጠርዝ ነው። ሦስተኛው እቃ ማንጠፊያ ክንፍ ያለውና ራሱ ቶፕ የሆነው ሲንክ ነው፤ ካቢኔት ወይም የብረት እግር ላይ ይቀመጣል። አራተኛው በየቤቱ የምናውቀው በሲሚንቶ ተገንብቶ ሴራሚክ የለበሰ ማጠቢያ ነው።

ብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል። ዋጋን እርስ በርስ እያነጻጸርኩ ነው የምናገረው።

መጀመሪያ ቤታችሁን መርምሩ

ዋናው መመዘኛ ቶፑ ነው። ግራናይት፣ እብነ በረድ ወይም ኳርትዝ ከሆነ ሁሉም ዓይነት ይሆንላችኋል። ፎርማይካ የለበሰ ቺፑድ ከሆነ ግን ከስር የሚገጠመውን እርሱት። የተቆረጠው ጠርዝ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ያብጣል፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የሚሸከመው ነገር ሲፈርስ ሲንኩም ይወርዳል። ሴራሚክ የለበሰ የኮንክሪት ቶፕ ደግሞ ክብደቱን ይችላል፤ ችግሩ ጠርዙ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ የሴራሚኩ አፍና የሲሚንቶው ስስ ንብር ይታያል። ሁልጊዜ ውሃ የሚነካው ቦታ ስለሆነ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ ይጠቁራል፤ ሴራሚኩም ይነሳል።

ቀጥሎ የፍሳሹ ከፍታ ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያስበውም። ከግድግዳው የሚወጣው የፍሳሽ ቧንቧ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? ቶፑ 90 ሴንቲ ከፍታ አለው እንበል። ድንጋዩ 3 ሴንቲ ነው። ሲንኩ 23 ሴንቲ ጥልቀት አለው። የሲንኩ ሆድ 64 ሴንቲ ላይ ዋለ ማለት ነው። ማጣሪያውና ሲፎኑ ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲ ይበላሉ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ከ50 ሴንቲ በታች ካልሆነ ውሃው በደንብ አይወርድም። ድሮ ለሲሚንቶ ማጠቢያ በተቀበረ ቧንቧ ላይ ጥልቅ ሲንክ ለመግጠም ሲሞከር የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። ከላይ የሚቀመጠው ሲንክ በድንጋዩ ውፍረት ያህል ከፍ ስለሚል እዚህ ላይ ትንሽ ይሻላል።

እዚያው ላይ የወገብን ነገር አንርሳ። 64 ሴንቲ ላይ ያለ ሆድ ውስጥ ድስት ለማጠብ መጎንበስ ያስፈልጋል። በዓል ሲመጣ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚታጠብበት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 20 ሴንቲ ጥልቀት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። 23ና 25 የሚሉት ሱቅ ውስጥ ያምራሉ፤ ጀርባ ላይ ግን ይከብዳሉ። እናቴ አጭር ናት። ለእሷ 20ውን ነው የመረጥኩት።

ውሃው ደግሞ እንዴት ነው የሚመጣላችሁ? በፈረቃ ከሆነ፣ በበርሜልና በጀሪካን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሁለት ጎድጓዳ ያለው ሲንክ ዋጋ አለው። በአንዱ በሳሙና ታጥባላችሁ፣ በሌላው ታለቀልቃላችሁ። ውሃ ሳይቋረጥ ለሚፈስላቸው ግን አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ይበልጣል። ምክንያቱም የኛ እቃ ትልቅ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ትልቁን የበዓል ድስት በሜትር ለኩት። ቡሃቃውንም ለኩ። ሁለት ጎድጓዳ ያለው 80 ሴንቲ ሲንክ እያንዳንዱ ጎድጓዳ 35 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ትልቅ ድስት አይገባበትም። ምጣድ በማሰሻ ይታሰሳል እንጂ ሲንክ ውስጥ አይገባም፤ እሱ አያሳስባችሁ።

በመጨረሻ፣ ነገ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ደብረ ብርሃን ግራናይት የሚቆርጡና ፖሊሽ የሚያደርጉ ሰዎች ይገኛሉ። ራቅ ባለ ወረዳ ከሆናችሁ ግን ሠራተኛ ከሩቅ ማምጣት ሊኖርባችሁ ይችላል። ያንን የትራንስፖርትና የቀን አበል ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

አማራጮቹ በመመዘኛው ሲታዩ

*ከላይ የሚቀመጠው።* ለማንኛውም ቶፕ ይሆናል። ክብደቱን ጠርዙ ራሱ ይሸከማል፤ ስለዚህ አይወድቅም። የተቆረጠው ጠርዝ ስለሚሸፈን የግራናይት ሠራተኛው ፖሊሽ አያደርገውም፤ የእጅ ዋጋው ይቀንሳል። ሲያረጅ ነቅሎ ሌላ ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጉድለቱ ጠርዙ ላይ ነው። ቶፑን ስትጠርጉ ፍርፋሪውና ውሃው ጠርዙ ጋ ይቆማል። በጊዜ ብዛት በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይፈጠራል። በርበሬና ዘይት የነካው ውሃ እዚያ ከገባ ማስለቀቁ አድካሚ ነው። ያም ሆኖ ለብዙ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

*ከስር የሚገጠመው።* ትልቁ ጥቅሙ ጽዳት ነው። ሽንኩርት ከትፋችሁ ልጣጩን በእጃችሁ ጠረግ ስታደርጉት ቀጥታ ሲንኩ ውስጥ ይገባል። የሚያቆመው ነገር የለም። ለሚወጠወጥበት፣ ለሚቦካበት፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለማይጠፋበት ወጥ ቤት ይህ እውነተኛ ዕረፍት ነው። ዋጋው ግን ሲንኩ ላይ ብቻ አያልቅም። የድንጋዩ ውስጠኛ ጠርዝ ስለሚታይ ተቆርጦ፣ ለስልሶ፣ ፖሊሽ ሊደረግ ይገባል። ከስር የሚሸከመው ብረት ይሠራለታል። አንዴ ከተገጠመ መቀየር ከባድ ነው፤ ቀዳዳው በሲንኩ ልክ ስለተቆረጠ ሌላ መጠን አይገባበትም።

*ክንፍ ያለው።* ለተከራይ፣ ለትንሽ ኮንዶሚኒየም፣ ቶፕ ላልተሠራለት ቤት ጥሩ ነው። እቃው ክንፉ ላይ ይንጠፈጠፋል። ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ብዙዎቹ ላሜራቸው ስስ ስለሆነ ድስት ሲቀመጥባቸው ይንቀጫቀጫሉ። ሌላ የምለው የለኝም።

*የሲሚንቶው።* ርካሽ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ በፈለጋችሁት መጠን ይሠራል። ትልቅ ድስትና ጋን ለሚታጠብበት ጓሮ ከዚህ የሚሻል የለም። ውስጥ ቤት ግን ሲኒና ብርጭቆ ይሰባብራል፤ የሴራሚኩ መገጣጠሚያም ቆሻሻ ይይዛል።

| | ከላይ የሚቀመጥ | ከስር የሚገጠም | ክንፍ ያለው | የሲሚንቶ |
|---|---|---|---|---|
| የሚስማማው ቶፕ | ሁሉም | ግራናይት፣ እብነ በረድ፣ ኳርትዝ | ቶፕ አያስፈልገውም | ራሱ ግንባታ ነው |
| ቶፑን መጥረግ | ጠርዙ ያስቸግራል | በጣም ቀላል | ቀላል | ያስቸግራል |
| የገጠማ ሥራ | ቀላል | ሙያ ይጠይቃል | በጣም ቀላል | ግንበኛ ይጠይቃል |
| የእጅ ዋጋ | ዝቅተኛ | ከሁሉም ከፍተኛ | ከሁሉም ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ነቅሎ መቀየር | ቀላል | ከባድ | ቀላል | ማፍረስ ነው |
| የሚፈራው | ጠርዝ ላይ ቆሻሻ | መውረድ፣ ሻጋታ | መታጠፍ፣ ድምፅ | መሰንጠቅ |

ብረቱን እንዴት እንምረጥ?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ሻጩ ማግኔት አውጥቶ ሲንኩ ላይ ያስጠጋል። ማግኔቱ አይዝም። «አየህ ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው» ይላል። ማግኔቱ የሚነግራችሁ ግን ግማሹን ብቻ ነው።

ለሲንክ የሚውሉት ስቴንለሶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ዝገትን ከሦስቱ የበለጠ የሚቋቋመው እሱ ነው። 201 የሚባለው ኒኬሉ 4 እና 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ጉድለቱ በማንጋኒዝ ይሞላል። ርካሽ ነው፤ ጨውና በረኪና በበዛበት ቤት ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። 430 ደግሞ ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል። ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ይህን ነው። ስለዚህ ማግኔት ከያዘ ተጠንቀቁ፤ ካልያዘ ግን 304 ነው ማለት አይደለም። 201ንም አይዘውም። ደግሞ በማጠፍ ጊዜ ብረቱ ስለሚጨነቅ የ304 ማዕዘን ላይ ማግኔት ትንሽ ሳብ ሊያደርግ ይችላል፤ ያ ጉድለት አይደለም። ፈትኑ ካላችሁ የሆዱ ጠፍጣፋ መካከል ላይ ፈትኑ።

201 መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በጀት ካነሰ፣ በረኪና ካላበዛችሁ፣ እቃ አጥባችሁ ሲንኩን ካደረቃችሁት ለዓመታት ያገለግላል። የሚያናድደው 201ን በ304 ዋጋ መግዛት ነው። ደረሰኙ ላይ ዓይነቱን አስጽፉ። የማይጽፍ ሻጭ ቁጥሩን ራሱም አያምንበትም።

ውፍረቱ ቀጥሎ ይመጣል። አንዳንዱ በሚሊ፣ አንዳንዱ በጌጅ ይናገራል። ጌጅ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብረቱ ወፍራም ነው፦ 16 ጌጅ 1.5 ሚሊ ገደማ፣ 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ገደማ፣ 20 ጌጅ 0.9 ሚሊ ገደማ፣ 22 ጌጅ 0.8 ሚሊ ገደማ ነው። ለቤት 0.8 ዝቅተኛው ነው፤ 1.0 እስከ 1.2 ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በአውራ ጣታችሁ የሆዱን መካከል ተጫኑት፤ ሲገባና ሲመለስ ይታያችኋል። አንድ ሌላ ነገር፦ «3 ሚሊ ነው» ሲሏችሁ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ የሆነው የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነው። ሆዱ ስስ ሊሆን ይችላል። የማጣሪያው ቀዳዳ አፍ ላይ በጣታችሁ ዳስሱት፤ የሆዱ ትክክለኛ ውፍረት እዚያ ይታወቃል።

ቅርጹን በሚመለከት፣ በፕሬስ የተጨመቀው ማዕዘኑ ክብ ነው፤ ለማጽዳት ይመቻል። ላሜራ ታጥፎና ተበይዶ የተሠራው ቀጥ ያለ ማዕዘን አለው፤ ያምራል። ማዕዘኑ ጭራሽ ሹል ከሆነ ግን የምስር ክክና የእንጀራ ፍርፋሪ ይይዛል። ትንሽ ጎበጥ ያለውን ምረጡ። ሆዱ ደግሞ ወደ ማጣሪያው ተዳፋት ሊኖረው ይገባል። እኔ የግማሽ ሊትር ውሃ ይዤ ነው ሱቅ የምገባው። ሲንኩን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጬ ጥግ ላይ አፈስበታለሁ። ውሃው ወደ ማጣሪያው ከሮጠ ጥሩ ነው። ተኝቶ ከቀረ በየቀኑ በጨርቅ ስትገፉት ትኖራላችሁ። መጀመሪያ ሻጮቹ ግራ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ራሳቸው ያግዙኛል።

ገልብጣችሁም እዩት። ከስሩ የጎማ ንጣፍና ግራጫ ቅብ አለው? ጎማው ውሃ ሲወርድበት የሚሰማውን ድምፅ ይቀንሳል። ቅቡ ደግሞ ለኛ ብርድ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ቧንቧው የሚያመጣው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ወጥ ቤቱ ግን በእንፋሎት ሞቋል። ቀዝቃዛው ብረት ከስር ያልባል፤ ጠብ ጠብ እያለ ካቢኔቱን ያበሰብሳል። ቅብ ያለው ይህን ይቀንሳል። ለሸዋ ሮቢት ቆላ ይህ ብዙም አያስጨንቅም።

ከስር የሚገጠመውን ከመረጣችሁ፣ እንዲህ አስገጥሙት

ሲንኩ ሳይገዛ ድንጋዩ አይቆረጥ። «ስታንዳርድ መጠን አውቃለሁ» የሚል ሠራተኛ አትስሙ። ሲንኩን ቤት አምጡት፤ ከነካርቶኑ ለግራናይት ሠራተኛው አስረክቡት፤ ቀዳዳው በእሱ ልክ ይውጣ። የቀዳዳው አፍ ከሲንኩ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እኩል ወይም 2 እና 3 ሚሊ ያህል ወደ ኋላ ቢል ጥሩ ነው። ድንጋዩ ከሲንኩ በላይ ተንጠልጥሎ ከወጣ ከስሩ የማይታይ ጥግ ይፈጠራል፤ ሻጋታ እዚያ ይከርማል።

ከፊት በኩል የሚቀረው የድንጋይ ክፍል ቀጭን እንዳይሆን። ግራናይት የሚሰበረው እዚያ ነው። ቶፑ 60 ሴንቲ ስፋት ካለው ሒሳቡ እንዲህ ይሁን፦ ከፊት 6 ሴንቲ፣ ለቀዳዳው 40፣ ከኋላ 14። ከኋላ ያለው ለሚክሰሩ (ለውሃ መክፈቻው) ቀዳዳ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ውስጡ 70 በ40 የሆነና 20 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ሲንክ ሲሞላ 56 ሊትር ይይዛል። 56 ኪሎ ማለት ነው። ድስቱንና የሲንኩን ክብደት ስትጨምሩ ከግማሽ ኩንታል በላይ ሆነ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በሲሊኮን ብቻ አንጠልጥላችሁ ታድራላችሁ? ሲሊኮን ውሃ እንዳይገባ ይዘጋል፤ ሸክሙን ግን ለብረት መተው ይሻላል።

ሁለት ዓይነት መያዣ አለ። አንዱ ከሲንኩ ጋር የሚመጣው ትንሽ መቆንጠጫ ነው። ድንጋዩ ከስሩ በጥንቃቄ ይበሳል፤ ብሎን በድንጋይ ማጣበቂያ ይተከላል፤ መቆንጠጫው ጠርዙን ይጭናል። ድንጋዩ 2 ሴንቲ ከሆነ መብሳቱ ያሰጋል። እኔ የምወደው ሌላውን ነው፦ ከአንግል ብረት ወይም ከአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) የተበየደ ክፈፍ። ክፈፉ በካቢኔቱ ጎኖች ወይም በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ የሲንኩን ጠርዝ ከስር ዙሪያውን ይደግፋል። የእናቴን ሲንክ ሁለተኛ ጊዜ ስናስገጥም ያሠራነው ይህንን ነው። በያጁ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። ብየዳውና ብረት ቆረጣው ከሲንኩ ራቅ ብሎ ይሠራ። ከግራይንደር የሚበተነው የብረት ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ካረፈ በማግስቱ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፤ ሰው ሲንኩ የዛገ ይመስለዋል።

ሲሊኮን ከመቀባቱ በፊት የድንጋዩ ስርና የሲንኩ ጠርዝ ይጸዱ። መጀመሪያ በብሩሽ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ሲደርቅ በአልኮል። ነጭ ጨርቅ ተጠቀሙ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አላለቀም። ይህን ቆማችሁ እዩ። የእናቴን ሲንክ የጣለው የዚህ የአሥር ደቂቃ ሥራ መቅረት ነው።

ሲሊኮኑም ዓይነት አለው። እንደ አቼቶ የሚሸተው አሲድ አለበት፤ እብነ በረድን ይበላል፣ ያቀልማል። ለድንጋይ «ኒውትራል» የሚለውን ግዙ። ከዚያ ጊዜ ስጡት። ሲሊኮን ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው የሚደርቀው፤ ሙቀትም ይፈልጋል። ብርዱ ሲበረታና አየሩ ሲደርቅ ይዘገያል። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር ወይም በመንዝ በታኅሣሥ የምታስገጥሙ ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን ውሃ አትሙሉበት። ሠራተኛው «ነገ ተጠቀሙ» ቢላችሁም ጠብቁ።

ፍሳሹ ላይ ሲፎን የግድ ነው። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው ሽታውን የሚያግደው። አግድም የሚሄደው ቧንቧ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ያህል ይውረድ። ስፋቱ 50 ሚሊ ቢሆን ይመረጣል፤ የኛ ወጥ ቅባት አለው፣ ቅባቱ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በመጨረሻ ሲንኩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁትና ሶፍት ይዛችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ዳብሱ። ሶፍቱ ካልራሰ ለሠራተኛው ቀሪውን ክፈሉ።

ሴራሚክ የሚነጠፍ ወይም የሚጸዳ ካለ ከሲንኩ በፊት ይለቅ። ግንበኞች በመጨረሻ ሲሚንቶውን በአሲድ ያጥባሉ። የአሲዱ ትነት ብቻ ስቴንለስን ያዝገዋል። ሳይነካው ማለቴ ነው። አዲስ ሲንክ በሳምንቱ ዛገ ብለው ሻጩን የሚከሱ ሰዎች፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

አያያዝ

በረኪና የስቴንለስ ጠላት ነው። ጨርቅ ዘፍዝፋችሁበት አታሳድሩ። ነክቶት ከሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ክዳኑ የላላ በረኪናም ከሲንኩ ስር ካቢኔት ውስጥ አታስቀምጡ። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ዶሮ በጨው ካጠባችሁ በኋላ ሲንኩን አለቅልቁት።

የሽቦ መፈግፈጊያ አትጠቀሙ። ይቧጭራል፤ ብናኙም ይቀርና ይዝጋል። ስፖንጅና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃሉ። ብረቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ፤ ስትፈትጉ መስመሩን ተከተሉ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ ሲንኩም ላይ ይሠራል። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ በጨርቅ ነክራችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ይለቃል። አቼቶውን ግን ብረቱ ላይ ብቻ፤ ቶፑ እብነ በረድ ከሆነ እንዳይነካው።

ሲንኩን ከሚዘጉት ነገሮች ዋናዎቹ የቡና አተላ፣ የቡኮ ትራፊና የረጋ ቅባት ናቸው። የጀበናውን አተላ ለአትክልት ስጡት። የሊጥ እቃ ከመታጠቡ በፊት በትንሽ ውሃ ተለቅልቆ ውጭ ይደፋ። የወጥ ድስት በሶፍት ወይም በእንጀራ ይጠረግ። የፈላ ውሃ ስትደፉም ቀዝቃዛውን ቧንቧ አብራችሁ ክፈቱ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለፒቪሲ ቧንቧ አሁንም በጣም ሞቃት ነው። ቧንቧው ይለሰልሳል፤ መገጣጠሚያው ይላላል።

ለማን የትኛው?

ግራናይት አስቆርጣችሁ አዲስ ቤት እየጨረሳችሁ ከሆነ፣ ለክፈፉም ብር ከተረፈ፣ ከስር የሚገጠም 304፣ 1.0 ሚሊ፣ አንድ ጎድጓዳ፣ 20 ሴንቲ ጥልቀት። ለክፈፉ ብር ካልተረፈ ከላይ የሚቀመጠውን ግዙ። በዚህ አትደራደሩ።

የቆየ ቤት ላላችሁና ቶፑ ሴራሚክ ለሆነ፣ ከላይ የሚቀመጥ። በጀቱ ከጠበበ 201፣ 0.8 ሚሊ ይሁን፤ ሲፎኑ ላይ ግን አትቆጥቡ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣባችሁ ሁለት ጎድጓዳ ያለው፣ ወይም አንድ ሰፊ ሆኖ ውስጡ ሳፋ የሚቀመጥበት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ትልቁ ድስትም ይገባል። ምግብ ቤት ለምትከፍቱ ደግሞ የቤት ሲንክ አይበቃም። እግር ያለውና ሙሉ በሙሉ ከ304 የተበየደ ጥልቅ ማጠቢያ አሠሩ፤ ጓሮ ላይ የሲሚንቶውን ጨምሩ።

ከስር የተገጠመ ሲንክ ቀድሞውኑ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ካቢኔቱን ክፈቱ። መቆንጠጫ ወይም ክፈፍ ይታያል? በሲንኩና በድንጋዩ መካከል ወረቀት ይገባል? ወረቀቱ ከገባ ሲንኩን አትሙሉት። ከማጣሪያው አጠገብ በሆዱ ስር እንጨት አቁማችሁ ደግፉት፤ ከካቢኔቱ ወለል እስከ ሲንኩ ሆድ የሚደርስ፣ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ። ሠራተኛ እስኪመጣ ያቆየዋል። ሠራተኛው ሲመጣ አሮጌው ሲሊኮን በሙሉ ተፍቆ ይውጣ። ከላይ አዲስ ቢደረብበት አይይዝም፤ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይጣበቅም።